ዲሲ ውስጥ ሱቅ ልረከብ ነው፤ የቬፕ መደርደሪያው እንዳለ መቀጠል ይችላል?

ሱቅ_ተረካቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አንድ የሰፈር ሱቅ ከነዕቃው ልረከብ ድርድር ላይ ነኝ። ሊዙ (የኪራይ ውሉ) የ5 ዓመት ነው። ባለቤቱ «የሱቁ ዋና ትርፍ ከካሸሩ ኋላ ያለው የቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) መደርደሪያ ነው» ብሎ የመሸጫውን ዋጋ በዚያ ልክ ሰቅሎታል። መደርደሪያው ላይ ያለው አብዛኛው ማንጎ፣ ሐብሐብ፣ እንጆሪ አይስ የሚል፣ ተጠቅመው የሚጥሉት ዓይነት ነው። ጓዳ ውስጥ ደግሞ ያልተከፈቱ ሁለት ካርቶኖች አሉ። ከሱቁ ጥቂት ብሎኮች አለፍ ብሎ ቻርተር ትምህርት ቤት (በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ፣ ግን ራሱን የሚያስተዳድር) አለ። ባለቤቱ ግን «ላይሰንሱ አለ፣ አንተ ዝም ብለህ ቀጥል» ይለኛል። ሕጉን በደንብ የምታውቁ ንገሩኝ፤ ላይሰንሱ ወደ እኔ ይተላለፋል? መደርደሪያው እንዳለ መቀጠል ይችላል? ካልቻለስ ምን መሸጥ ይፈቀዳል? ወይስ ሜሪላንድ ተሻግሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ብፈልግ ይሻላል?

ፈቃድና_ግብር፦
ወንድሜ፣ ከመፈረምህ በፊት ርቀቱን ለካ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ዲሲ ውስጥ ከጥቅምት 1 ቀን 2022 (በፈረንጅ) ጀምሮ ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ሥራ ላይ ውለዋል። አንደኛው ጣዕም ያለው የትምባሆ ምርት በሙሉ እንዳይሸጥ የሚከለክለው ነው። ይህ ቬፕን ብቻ አይደለም የሚመለከተው፤ ሜንቶል (የናና ዓይነት ጣዕም ያለው) ሲጋራም አብሮ ታግዷል። ሁለተኛው፣ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ከመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ወይም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሩብ ማይል ውስጥ ያለ ሱቅ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ጨርሶ እንዳይሸጥ የሚያደርገው ነው። ጣዕም ኖረው አልኖረው ለውጥ የለውም። ሩብ ማይል ማለት 1,320 ጫማ፣ በሜትር 402 ገደማ ነው። «ጥቂት ብሎኮች» ያልከው በቀላሉ እዚያ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል።

ቻርተር ትምህርት ቤት ላይ ልዩ ጥንቃቄ አድርግ። ዲሲ ውስጥ ቻርተሮች ቢሮና መጋዘን በነበሩ ሕንፃዎች ውስጥ ስለሚከፈቱ ከውጭ ሲታዩ ትምህርት ቤት አይመስሉም። የክፍል ደረጃቸውም ከዓመት ዓመት ይጨምራል፤ ዘንድሮ እስከ 5ኛ ክፍል የሚያስተምር በሚቀጥለው ዓመት 6ኛን ሊከፍት ይችላል። ስለዚህ ስሙን ብቻ አትይ፣ የትኞቹን ክፍሎች እንደሚያስተምር አረጋግጥ። ካርታ ላይ ስትለካ በእግረኛ መንገድ ሳይሆን ቀጥታ መስመር ያዝ፤ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወሰን ጀምረህ እስከ ሱቁ ሕንፃ ጠርዝ። ለአንተ የማይመቸውን አለካክ ወስደህ ከ1,320 ጫማ በላይ ከሆነ ልብህ ይረፍ። ወደ ወሰኑ የተጠጋ ከሆነ ግን አድራሻውን ጽፈህ ለፈቃድና ሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ለዲ ኤል ሲ ፒ፣ በኢሜይል ላክና የጽሑፍ መልስ ያዝ። በስልክ የተሰጠ መልስ ኋላ ማስረጃ አይሆንህም።

ላይሰንሱ አይተላለፍም። የዲሲ መሠረታዊ የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው ለባለቤቱና ለአድራሻው ስለሆነ ባለቤት ሲለወጥ አዲስ ይወጣል። ቅደም ተከተሉም ይህ ነው፦ በመጀመሪያ ድርጅትህን ታስመዘግባለህ፤ ቀጥሎ ማይ ታክስ ዲሲ በሚባለው የከተማው የግብር ድረ ገጽ ገብተህ ኤፍ አር 500 የተባለውን የግብር ምዝገባ ቅጽ ትሞላለህ፤ ከዚያ ከሕንፃዎች መሥሪያ ቤት በስምህ አዲስ የመገልገያ ፈቃድ፣ ሰርቲፊኬት ኦፍ ኦኩፓንሲ የሚባለውን፣ ታወጣለህ፤ ለከተማው ዕዳ እንደሌለብህ የሚያሳየው የ«ክሊን ሃንድስ» ማረጋገጫ ይከተላል፤ መጨረሻ ላይ የንግድ ፈቃዱን ከነትምባሆ መሸጫው ትጠይቃለህ። ሰው የሚዘገየው አብዛኛውን ጊዜ የመገልገያ ፈቃዱ ላይ ነው፤ የቀድሞው ባለቤት ወረቀት ላይ የተጻፈው አገልግሎትና ሱቁ አሁን የሚሠራው ሲለያይ ጉዳዩ ወደ ኋላ ይመለሳል። የድሮውን ቅጂ ዛሬውኑ ከሻጩ ጠይቅ።

ሊዙ ላይ አንድ አንቀጽ አስገባ፦ «ተከራዩ በ90 ቀን ውስጥ የትምባሆ መሸጫ ፈቃድ ካላገኘ ውሉን ያለ ቅጣት ማፍረስ ይችላል።» አከራዩ እምቢ ካለ ስለ ቦታው የሚያውቀው ነገር ሊኖር ይችላልና ለምን እንደሆነ ጠይቅ።

ስለ ዋጋው ደግሞ፣ ያለፈውን 12 ወር ሽያጭ ከማሽኑ በየዓይነቱ ተለይቶ እንዲታተም ጠይቅ። ከዚያ ጣዕም ያለውን ቬፕ በሙሉ ሰርዝና የቀረውን ደምር። የሱቁ ዋጋ ያ ነው። በሕግ ልትሸጠው የማትችለውን ዕቃ ትርፍ ለምን ትገዛለህ?

የጅምላ_ደረሰኝ፦
ከላይ የተባለው ትክክል ነው። የዕቃውን ጉዳይ እኔ ልጨምር፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ቬፕ ዲሲ መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥ በሁለት በር ማለፍ አለበት። የመጀመሪያው የፌደራሉ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ የኤፍ ዲ ኤ፣ የገበያ ፈቃድ ነው። ሁለተኛው የዲሲ የጣዕም እገዳ ነው። አንዱን ማለፍ ለሌላው አይበቃም። ለምሳሌ ኤፍ ዲ ኤ ኤንጆይ የተባለውን የቬፕ ብራንድ ሜንቶል በሰኔ 2024 ፈቅዷል፤ ጁል የተባለውንም በሐምሌ 2025 ከነሜንቶሉ ፈቅዷል። ሜሪላንድ ላይ የምታያቸው እነዚህ ሜንቶሎች የፌደራሉን በር አልፈዋል፤ ዲሲ ላይ ግን ክልክል ናቸው። በተቃራኒው ደግሞ «የትምባሆ ጣዕም» ተብሎ የተጻፈበት ርካሽ ዲስፖዝብል (ተጠቅመው የሚጥሉት ቬፕ) የዲሲን በር ያለፈ ቢመስልም የፌደራል ፈቃድ ከሌለው ሕገወጥ ነው።

ሁለቱንም የሚያልፈው ዝርዝር አጭር ነው፤ የቪዩስ፣ የኤንጆይ፣ የሎጂክና የጁል ብራንዶች አንዳንድ የትምባሆ ጣዕም ምርቶች ይገኙበታል። ያም ቢሆን ብራንዱ በጅምላ አልተፈቀደም፤ ፈቃዱ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ምርት፣ ከነኒኮቲን መጠኑ ነው። በማሸጊያው ላይ ያለውን ሙሉ ስምና መቶኛ ከኤፍ ዲ ኤ ገጽ ላይ ካለው ዝርዝር ጋር ቃል በቃል አመሳክር። ባዘዝክ ቁጥር ይህንን ድገመው፤ ዝርዝሩ ይለዋወጣል።

ሻጩ መደርደሪያ ላይ ያሉት ማንጎና ሐብሐብ በሁለቱም በር ይወድቃሉ።

ሱቅ_ተረካቢ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቱን ስጠይቀው ከጅምላ ሻጩ የተሰጠ ደብዳቤ አሳየኝ። «ማመልከቻው በኤፍ ዲ ኤ ተቀባይነት አግኝቷል» ይላል፤ ማኅተምም አለው። ይህ ፈቃድ አይደለም?

የጅምላ_ደረሰኝ፦
አይደለም። በዚህ ወረቀት ብዙ ባለሱቅ ተታሏል፤ ስለዚህ በደንብ ላብራራው።

አምራቹ ለኤፍ ዲ ኤ የሚያቀርበው ማመልከቻ በደረጃ ነው የሚሄደው። የመጀመሪያው «ተቀብለናል» የሚል ደብዳቤ ነው፤ ወረቀቱ ተሟልቶ መድረሱን ብቻ ይናገራል። ቀጥሎ «ፋይል ተደርጓል» የሚለው ይመጣል፤ ይህም ለምርመራ የሚበቃ ይዘት አለው ማለት ነው። ከዚያ ሳይንሳዊ ምርመራው ይጀመራል። መጨረሻ ላይ ወይ የገበያ ፈቃድ ትእዛዝ ይሰጣል ወይ ይከለከላል። ምርቱን ሕጋዊ የሚያደርገው ያ የመጨረሻው ትእዛዝ ብቻ ነው። የጅምላ ሻጮች ግን የመጀመሪያውን ደብዳቤ ኮፒ አድርገው ከካርቶኑ ጋር ይሰጣሉ። «ተቀብለናል» የሚለው ቃል ለባለሱቅ «ፈቅደናል» መስሎ ይታየዋል።

«ኒኮቲኑ ከትምባሆ ቅጠል አልወጣም፣ በላብራቶሪ የተሠራ ነው» የሚሉህም ይኖራሉ። ያ ቀዳዳ ከሚያዝያ 14 ቀን 2022 ጀምሮ ተዘግቷል፤ በላብራቶሪ የተሠራ ኒኮቲንም በኤፍ ዲ ኤ ሥር ገብቷል።

ተጠያቂው ደግሞ አምራቹ ብቻ አይደለም። በመስከረም 2023 ኤፍ ዲ ኤ ኤልፍ ባር የተባለውን ያልተፈቀደ ቬፕ በሸጡ 22 ቸርቻሪዎች ላይ ለእያንዳንዳቸው 19,192 ዶላር ቅጣት ጠይቋል። ያ በጊዜው ለአንድ ጥፋት የተቀመጠው ጣሪያ ነበር። ሱቆቹ አስቀድሞ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሷቸው መሸጣቸውን የቀጠሉ ነበሩ። «ጅምላ ሻጩ ሕጋዊ ነው ብሎኛል» የሚለው መከላከያ አያድንም።

ካሸር_አሠልጣኝ፦
ቦታውም ዕቃውም ቢያልፍ እንኳ ሱቅ የሚቀጣው ካውንተሩ ላይ በሚሠራ ስህተት ነው። ስለዚህ ጥቂት ነገር ልበል።

የመሸጫ ዕድሜ በመላው አሜሪካ 21 ነው፤ ከታኅሣሥ 20 ቀን 2019 ጀምሮ። መታወቂያ የማየት ግዴታው ግን ከዚያ ይሰፋል። ከመስከረም 30 ቀን 2024 ወዲህ ከ30 ዓመት በታች የሆነን ደንበኛ ሁሉ የፎቶ መታወቂያ ማየት ግድ ነው፤ ከዚያ በፊት 27 ነበር። ደንቡ የሚለው «ከ30 በታች የሚመስል» ሳይሆን «ከ30 በታች የሆነ» ነው። ጢም ያለው የ28 ዓመት ጎልማሳ 35 ሊመስል ይችላል፤ ካሸሩ ካላየ ግን ደንቡ ተጥሷል። ስለዚህ የሚያዋጣው ሕግ አንድ ነው፦ ሽማግሌም ይሁን አሮጊት፣ ሁሉንም መጠየቅ።

ሱቆች የሚወድቁት መታወቂያ ባለመጠየቅ ብቻ አይደለም። ጠይቀው፣ አይተው፣ ሒሳቡን ተሳስተው ይሸጣሉ። ሰልፍ ሲበዛ ካሸሩ የትውልድ ዓመቱን ያያል፣ ወሩን አያይም። ሂሳቡን ከካሸሩ ጭንቅላት አውጡት፤ የሽያጭ ማሽኑ የትምባሆ ዕቃ ሲነካ የትውልድ ቀን ካልገባ እንዳይቀጥል አድርገው። ማሽኑ ላይ ይህን ጥያቄ የሚዘል አዝራር ካለ አስጠፋው፤ ካሸሮች በሁለተኛው ቀን ያገኙታል። ስካነር ከሌለ በየጠዋቱ «ከዚህ ቀን በኋላ ለተወለደ አይሸጥም» የሚል ወረቀት በትልቁ ለጥፍ። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ከ21 በታች ለሆነ ሰው መንጃ ፈቃዱን አቁመው ነው የሚያትሙት። የቆመ ካርድ ስታይ ቀስ በል፤ ያዢው 21 ሞልቶት ካርዱን ሳይለውጥ ቀርቶም ሊሆን ይችላልና ቀኑን አንብብ።

ለእኛ ሰው ብቻ የሚገጥም ጉዳይ አለ። አንዳንድ ደንበኛ የኢትዮጵያ መታወቂያ ያወጣል። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ካሸሩ እንደ ፈረንጅ አንብቦት ሰውየውን 7 ወይም 8 ዓመት ያስረጀዋል። 1999 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ 2006 ወይም 2007 ነው። ሐበሻ ካሸር ደግሞ ቀኑን መለወጥ እችላለሁ ብሎ በሰልፍ መሀል ሒሳብ ውስጥ ይገባል። እንደዚህ ዓይነት መታወቂያ ለትምባሆ አትቀበል፤ ፓስፖርት ጠይቅ፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለው በፈረንጅ ነው።

የኤፍ ዲ ኤ ስውር ግዢ ሲደረግ በዚያው ሰዓት አታውቀውም። ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ገብቶ ገዝቶ ይወጣል፤ ደብዳቤው ኋላ በፖስታ ይመጣል። ስለዚህ የሱቁ የፖስታ አድራሻ ትክክል ይሁን፤ በቀድሞው ባለቤት ስም የሚመጣውንም ክፈት። የመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው፤ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ምን እንዳስተካከልክ ጽፈህ ትመልሳለህ። የገንዘብ ቅጣት ክስ ከመጣ ደግሞ 30 ቀን አለህ፦ መክፈል፣ መከራከር ወይም ጊዜ መጠየቅ። ዝም ካልክ ክሱ እንዳለ ይጸድቅብሃል። በ36 ወር ውስጥ አምስትና ከዚያ በላይ ጊዜ የተደጋገመ ጥፋት ከተገኘ ትምባሆ ጨርሶ እንዳትሸጥ ሊታዘዝብህ ይችላል።

ነጻ ናሙና መስጠትም ክልክል ነው። «አንዴ ሳብ አድርገህ ሞክረው» የሚል ካሸር አይኑርህ።

ሰፈር_ነዋሪ፦
እኔ ነጋዴ አይደለሁም፤ የትምህርት ቤቶቹ ጉዳይ ነው የሚያገባኝ። ሩብ ማይሉ ለምን እንደተቀመጠ ይታወቅ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲወጡ በእግራቸው የሚደርሱበት ርቀት ነው። ሐብሐብና እንጆሪ ቀለሙም ሽታውም ለእነሱ ነው የሚጮኸው፤ ኒኮቲን ደግሞ ገና በማደግ ላይ ያለን አእምሮ ቶሎ ይይዛል። ሱቅህ ከወሰኑ 10 ጫማ ቢያልፍ እንኳ መደርደሪያው ከመስኮት እንዳይታይ አድርገው። ይህን የምለው ሕግ ስለሆነ አይደለም፤ የራሳችን ልጆችም በዚያ መንገድ ስለሚያልፉ ነው።

ሱቅ_ተረካቢ፦
ልክ ነው፣ ተቀብያለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግስ? አንድ ሁለት ሰው «እዚያ ይቀላል» ብለውኛል።

ፈቃድና_ግብር፦
የጣዕም እገዳው እንደ ዲሲ አይደለም። ታክሱና ፈቃዱ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ለኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ራሱን የቻለ የችርቻሮ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሚወጣው ከካውንቲው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ቢሮ ነው። የሲጋራ ፈቃድ አለኝ ብለህ ቬፕ አትሸጥም። ቁጥጥሩ የአልኮል፣ የትምባሆና የካናቢስ ኮሚሽን ነው፤ የፌደራሉም ሕግ እንዳለ ይከተልሃል።

ታክሱ ላይ ነው ሰው የሚጎዳው። ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የሽያጭ ታክስ 20 በመቶ ነው፤ ከዚያ በፊት 12 ነበር። በ5 ሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ ባነሰ ዕቃ የታሸገ ፈሳሽ ሲሆን ግን 60 በመቶ ነው። የ20 ዶላር መሣሪያ 4 ዶላር ታክስ ተጨምሮበት 24 ይሆናል፤ የ10 ዶላር ትንሽ ፈሳሽ ደግሞ 6 ተጨምሮበት 16። ሱቅ ሲረከቡ ማሽኑ ላይ ያለው አሠራር እንዳለ ይቀጥላል፤ ሁሉም ዕቃ በተለመደው 6 በመቶ ተሞልቶ ይገኛል። ከደንበኛ ያልሰበሰብከውን ልዩነት ኦዲት ሲመጣ ከኪስህ ነው የምትከፍለው። በመጀመሪያው ቀን ሁለት የተለያዩ የታክስ ምድቦች ክፈትና እያንዳንዱን ዕቃ በሚሊ ሊትሩ መድብ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ በ2015 በጅምላ ዋጋ ላይ 30 በመቶ የራሱን ታክስ ደንግጓል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ እዚያው ውስጥ ስለሆነ ከጅምላ ሻጭህ ደረሰኝ ላይ ያ መከፈሉን አረጋግጥ።

ሜሪላንድ ላይ በጅምላ ገዝቶ ዲሲ ሱቅ ውስጥ ማስገባትም ይቅርብህ። ዲሲ የራሱ የትምባሆ ምርት ግብር አለው፤ ቬፕም ውስጡ ነው። ዲሲ ውስጥ ፈቃድ ካለው ጅምላ ሻጭ ብቻ ግዛ፤ ቀን፣ የሻጩ ስምና አድራሻ፣ የምርቱ ሙሉ ስምና ብዛት የሌለበትን ደረሰኝ አትቀበል።

ሱቅ_ተረካቢ፦
የመጨረሻ ጥያቄ። ጓዳ ያሉትን ሁለት ካርቶኖች ባለቤቱ በግማሽ ዋጋ ልስጥህ እያለኝ ነው። አንድ ዘመድ ደግሞ «ወደ አዲስ አበባ በሻንጣ ይሄዳል» ብሎኛል።

የጅምላ_ደረሰኝ፦
በነጻ ቢሰጥህም አትቀበል። ጣዕም ያለው ቬፕ ለሽያጭ በሚያገለግል ሱቅ ጓዳ ውስጥ ከተገኘ፣ ያስቀመጥኩት ለመጣል ነው ብለህ ኢንስፔክተሩን ማሳመን የአንተ ሸክም ይሆናል።

አዲስ አበባ የሚለውን ደግሞ ጨርሰህ እርሳው። የኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ከሺሻ ጋር አብሮ ከልክሎታል። አውሮፕላኑም ቢሆን፣ ባትሪው ሊቲየም ስለሆነ ቬፕ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ጭነት ክፍል ውስጥ እሳት ቢነሳ የሚደርስለት ስለሌለ ነው።

ከቆሻሻ ጋር መጣልም አይቻልም። የቬፕ ፈሳሽ ኒኮቲን በአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ዝርዝር ውስጥ ፒ 075 በሚል ቁጥር እንደ ከባድ መርዛማ ቆሻሻ ተመዝግቧል። ከንግድ ቤት በአንድ ወር ውስጥ የዚህ ዓይነት ቆሻሻ ከ1 ኪሎ ካለፈ ትልቅ ፋብሪካ በሚተዳደርበት ደንብ ሥር ትወድቃለህ። ባትሪው ራሱን የቻለ ሌላ አያያዝ አለው፤ ቆሻሻ መኪና ውስጥ ሲጨፈለቅ ይቀጣጠላል። ይህንን ሁሉ ወጪ ሻጩ በግማሽ ዋጋ አሳልፎ ሊሰጥህ ነው።

ስለዚህ የግዢ ውሉ ላይ እንዲህ አስጽፍ፦ «ሻጩ ጣዕም ያላቸውንና የኤፍ ዲ ኤ የገበያ ፈቃድ የሌላቸውን የትምባሆ ምርቶች በሙሉ ከርክክቡ ቢያንስ 3 ቀን በፊት በራሱ ወጪ ያወጣል፤ ወደ ጅምላ ሻጩ የመለሰበትን ደረሰኝ ያቀርባል።» በርክክቡ ጠዋት ሁለታችሁ ጓዳውን፣ የካውንተሩን ሥር መሳቢያና ጣሪያው ላይ ያለውን መደርደሪያ አብራችሁ ቁጠሩ፣ ፎቶ አንሱ፣ ዝርዝሩ ላይ ሁለታችሁም ፈርሙ። ቁልፉን ከዚያ በኋላ ተቀበል።

ፈቃድና_ግብር፦
በዚያ ዝርዝር ላይ ሜንቶል ሲጋራና ጣዕም ያለውን ትንንሽ ሲጋርም ጨምር፤ ሁሉም ቬፕ ላይ ሲያተኩር እነሱ ከመደርደሪያው ጥግ ይቀራሉ። ርቀቱን ለክተህ ስትጨርስ ቁጥሩን እዚህ ጻፍልን፤ ከወሰኑ አጠገብ ከሆነ ለዲ ኤል ሲ ፒ የምትልከውን ኢሜይል አብረን እናዘጋጃለን።